አንቱ ብሎ ተቀበላት

ጀልባዋ ወደቡን ስትጠጋ ከተሳፋሪው ሁሉ ቀድማ ብድግ ያለችው መነጽር ሠሪዋ ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ ስትሰማው የኖረችውን ደሴት በዓይኗ ልታይ ነው። ከደሴቱም ይልቅ የፍቅረኛዋን እናት። ሱቋን ሦስት ቀን ለመዝጋት ደንበኞቿን ያልለመነችው ልመና የለም።

እሱ ከመውረጃው ደረጃ ሥር ቆሟል። ያ መልከ መልካም ፊት፣ ያ ሁሌ ሊስቅ የተዘጋጀ አፍ። ሻንጣዋን ጥላ ልታቅፈው ስትንደረደር ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ አለና እጁን ዘረጋላት።

«እንኳን ደህና መጡ! መንገዱ እንዴት ነበር? ሻንጣዎን ልያዝልዎት?»

ማንን ነው ብላ ዞር አለች። ከኋላዋ ማንም የለም።

ከጎኑ ሽበታቸውን በጥቁር ሻሽ የሸፈኑ ቀጭን ሴት ቆመው ከእግር እስከ ራሷ ያዩአታል።

«እማዬ፣ ያልኩሽ እንግዳ እሳቸው ናቸው» አለ። «ላይኛውን ክፍል ለሦስት ቀን የተከራዩት።»

መነጽር ሠሪዋ የሴትዮዋን እጅ ጨበጠች። ፈገግም አለች። ደሟ ግን ከእግር ጥፍሯ ተነሥቶ ጆሮዋ ድረስ ፈላ።

የተዋወቁት እሱ ለጉዳይ ወደ እሷ ከተማ መጥቶ መነጽሩ ላይ የተቀመጠበት ቀን ነበር። ግድግዳ እየዳበሰ ሱቋ ገባ። የመነጽሩን የተሰበረ ክንድ ስትቀጥልለት፣ መስታወቱን ስትሞርድለት፣ አፉ ለአፍታ አላረፈም፤ ስለ ደሴቱ ያወራል። አስጎብኚ ነው። አገሩ «አፈ ማር» ይለዋል። በሳምንቱ «ትንሽ ዘመመብኝ» ብሎ ተመለሰ። መነጽሩ አልዘመመም ነበር። በሦስተኛው ጊዜ ሰበብ እንኳ አላመጣም፤ ዝም ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አያት። ያን የመሰለ ወሬኛ ዝም ሲል ጊዜ፣ እሷ ነገሩ የምር መሆኑ ገባት።

ለቤተሰቧ የነገረችው በዚያው ወር ነው። የሌላ አገር፣ የሌላ እምነት ሰው መሆኑን ሳትደብቅ። አባቷ አንድ ወር አኮረፏት። ወንድሟ «ከኛ ወገን ወንድ ጠፋ?» ብሎ ከቤት የወጣ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ቻለችው። እሱ ግን በጠየቀችው ቁጥር፣ «የኔዎቹ ችግር የለባቸውም፤ ደሴት ላይ ያደገ ሰው ልቡ ሰፊ ነው» ይላታል።

ሻንጣዋን ይዞ የእንጨቱን ደረጃ ሲወጣ ክንዱን ያዘችው።

«ማን ነው ተከራይ?»

«ቀስ በይ፣ ትሰማለች...»

«ትስማ! ሁለት ዓመት ሙሉ አልነገርካቸውም?»

«ጊዜ እየጠበቅኩ ነው። ዛሬ ማታ እነግራታለሁ። ሙች!»

ስለምትወደው አመነችው። ጠዋት ለቁርስ ስትወርድ እናትየው «ተከራያችን፣ እንቅልፍ ወሰደሽ?» አሏት። እንዳልነገራቸው ገባት፤ እሱም ዓይኑን ከሻይ ብርጭቆው አላነሣም።

ያን ዕለት ስምንት ጎብኚዎች ነበሩት። እሷም ዘጠነኛ ሆና ተሰለፈች። የደሴቱ ከተማስ እውነትም ከተማ ናት። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉ ጠባብ መንገዶች፤ በጨው የተበሉ ነጫጭ ግድግዳዎች፤ አንዱ በር ላይ የወይን ሐረግ፣ ቀጥሎ ባለው በር ላይ ኮከብ ተቀርጿል። ጨርቅ ሻጩ አንዱን ደንበኛ በአንድ ቋንቋ ተቀብሎ ሌላውን በሌላ ይሸኛል። በዚህ ሁሉ መካከል አፈ ማር ወደ ኋላ እየተራመደ፣ እጁን እያወናጨፈ ሲያወራ፣ ብትናደድም ፈዛ ቆማ አየችው። እንዲህ ሲሆን ነው የወደደችው።

አንድ ሰፊ ግድግዳ ሥር አቆማቸው።

«ይህን ግድግዳ እዩት። በዚህ በኩል ደወል ይደወላል፤ በዚያ በኩል አዛን ይባላል። ግድግዳው አንድ ነው! እዚህ ደሴት ላይ ዘርህ ምንድን ነው፣ እምነትሽ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከአራቱም ማዕዘን የመጣ ሰው ተጋብቶ ተዋልዶ አንድ ሆኗል።»

ጎብኚዎቹ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷ እጇን አወጣች።

«ጥያቄ ነበረኝ።»

ፊቱ ልብስ የተሰጣበት ገመድ ይመስል ረገበ። «ይ... ይጠይቁ።»

«ይህ መጋባት የድሮ ብቻ ነው ወይስ ዛሬም አለ? ለምሳሌ እርስዎ ራስዎ ከሌላ አገር፣ ከሌላ እምነት አንዲት ሴት ቢወዱ፣ ለእናትዎ ለመንገር ስንት ዓመት ይፈጅብዎታል?»

አንድ ሽማግሌ ጎብኚ ቀልድ መስሏቸው ከት ብለው ሳቁ። እሱ ላቡን ጠረገ።

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ። «አሁን ወደ ገበያው እንለፍ።»

ምሳ ላይ ሦስቱ ብቻ ነበሩ። እናትየው የተጠበሰውን ዓሣ ራሳቸው እየፈለፈሉ ሰሐኗ ላይ አደረጉላት፤ አጥንቱ እንዳይወጋት። ይሄ ደግነታቸው ይበልጥ አቃጠላት።

«አግብተሻል ልጄ?»

«እማዬ፣ እንግዳ እንዲህ አይጠየቅም» አለ ልጃቸው ፈጠን ብሎ።

እሷ እጇን በጨርቅ ጠረገች። ወደ እሱ ዞረችና ጠበቀችው። በመስኮቱ ዓሣ ሻጭ ሲጮህ ይሰማል። አሁን ይናገራል፤ አሁን። እሱ ጨው አነሣና ቀድሞ ጨው በበዛበት ዓሣ ላይ ነሰነሰ።

«አላገባሁም እማማ» አለች። «የመጣሁት ልጅዎን ላገባ ነበር። ተከራይ መሆኔን ያወቅሁት ወደቡ ላይ ነው።»

እናትየው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«እውነት ነው?» አሉት።

«እማዬ፣ ላስረዳሽ... ነገሩ...»

«አዎ ወይስ አይደለም?»

አፈ ማር ጨዉን እንደገና አነሣ።

መነጽር ሠሪዋ ተነሣች። ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ፤ አላነሣችውም።

ልብሷን ሻንጣ ውስጥ እየጠቀጠቀች ሳለ በሩ ተንኳኳ። እናትየው ነበሩ። ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ስሚኝ ልጄ። አልዋሽሽም፤ አንቺን አልፈልግሽም። ክፉ ሆነሽ አይደለም። ታላቋን ልጄን የባሕር ማዶ ሰው አግብቶ ወሰዳት። ፊቷን ካየሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። የቀረኝ እሱ ነው። እሱንም አንቺ ትወስጂዋለሽ።»

«ስለ ነገሩኝ አመሰግናለሁ» አለች። ከልቧ ነው። «በዚህ ቤት ፊት ለፊት ያናገረኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ሴትዮዋ አንገታቸውን ደፉ። «እሱን እንዲህ አድርጌ አላሳደግኩትም። የሰው ልጅ፣ ያውም የሚወዳትን፣ ተከራይ ብሎ! በዚህስ ከአንቺ እኩል ተናድጃለሁ።»

ሦስቱ ቀን ሳይሞላ፣ በመጣች በማግስቱ በዘጠኝ ሰዓቱ ጀልባ ልትመለስ ወደቡ ላይ ተሰለፈች። እሱ እያለከለከ ደረሰ። የከሰዓት ጎብኚዎቹን መንገድ ላይ በትኗቸዋል።

«አትሂጂ! እወድሻለሁ እኮ!»

«አውቃለሁ። ችግሩ ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም።»

«እናቴን ማስከፋት ፈርቼ...»

«እኔስ? አባቴ ሲያኮርፉኝ፣ ወንድሜ ጥሎኝ ሲሄድ አልፈራሁም? ለማያውቁህ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ስለ ሙታን ፍቅር ስትለፍፍ ትውላለህ፤ አጠገብህ ለቆመችው በሕይወት ላለችው አንድ ቃል አጣህ! እንደ ሌባ ዕቃ ሸሸግኸኝ!»

ሰልፉ ሁሉ ዞሮ ያያቸዋል። ግድ አልሰጣትም።

«በቃ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለ። ተራውን ጥሶ የጀልባዋን መወጣጫ ረገጠ። «አሁኑኑ! ልብስም አልፈልግ።»

ለቅጽበት እቅፉን፣ የባሕሩን ነፋስ፣ አብረው ሲደርሱ ሁሉን አየችው። ከዚያ ደረቱ ላይ መዳፏን አድርጋ ወደ መሬት መለሰችው።

«ይሄ ደግሞ መሸሽ ነው። ከእሳቸው ወደ እኔ ብትሸሽ፣ ነገ ከእኔ ወደ ሌላ ትሸሻለህ። ሂድ፣ እማማ ፊት ተቀመጥና በአፍህ ተናገር። ሳትናገር ሱቄ ብትመጣ በሩን እዘጋብሃለሁ።»

ጀልባዋ ስትንቀሳቀስ አላለቀሰችም። ደሴቱ ከዓይን ሲጠፋ ግን የጀልባዋን የብረት መደገፊያ በቡጢ ደጋግማ መታችው፤ እጇ ሳምንት ሙሉ አብጦ ቆየ።

እሱ በዚያው ምሽት ተናገረ። በአንድ ትንፋሽ፣ ያለ ጌጥ፣ እንደ ተማሪ እየተንተባተበ። እናቱ አራት ወር አኮረፉት። ሲያኮርፉት ከቤት አልወጣም፤ ሐሳቡንም አልቀየረም። በየሳምንቱ ይደውልላትና የሆነውን ይነግራታል፤ እሷ አብዛኛውን ጊዜ ትሰማዋለች፤ አንዳንዴ ንዴቷ ይነሣባትና ትዘጋበታለች። በአምስተኛው ወር ሱቋ ሲመጣ በሩን አልዘጋችም። ለመታቀፍ ግን ሌላ ሁለት ጉዞ ፈጀበት።

የጋብቻ ውሉን የተፈራረሙት በእሷ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ጠባብ ክፍል፣ ሐሙስ ጠዋት ነው። አባቷ በአዲስ ኮት ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ወንድሟ አልመጣም። ከእሱ ወገንም ማንም አልነበረም። ጸሐፊው ብዕሩን ሲያቀብላት በሩ ተከፈተ።

እናትየው ናቸው። በሌሊት ጀልባ ተሳፍረው፣ የባሕሩ ጨው ሻሻቸው ላይ ደርቆ፣ ፊታቸው እንደ ጥርብ ድንጋይ ጠጥሮ።

«እንዳትሳሳቱ» አሉ ከደጃፉ ሳያልፉ። «አልተስማማሁም። ንዴቴም አልበረደም።»

ልጃቸው ሊነሣ ሲል እሷ ቀድማው ተነሣች። ሄዳ ከእጃቸው ቦርሳቸውን ተቀበለች።

«የኔም አልበረደም እማማ» አለች። «ይግቡ፣ ከነንዴትዎ። ወንበር አለ።»

ሴትዮዋ ገብተው ከአባቷ አጠገብ ተቀመጡና ጸሐፊውን ገላመጡት።

«ምን ትጠብቃለህ? ቀጥል እንጂ!»