የጋሽ ከማል ማር

ሆሳዕና ገበያ ማር ስሸጥ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ሰው መከራከር አይሰለቸውም፤ እኔን ግን ሰልችቶኛል። ጣታቸውን ነክረው ይልሳሉ፣ ክብሪት ማሩ ውስጥ ነክረው ይጭራሉ፣ «ንፁህ ነው» ብለው ራሳቸው ይመሰክራሉ። ዋጋው ሲነገራቸው ግን «ኧረ ሱምያ፣ አበዛሽው!» ብለው ከጎረቤቴ ሱቅ ስኳር የተቀላቀለበትን ይገዛሉ።

ንፁሁን ማር የሚያመጣልኝ ጋሽ ከማል ነበር። በየሳምንቱ ከአንጋጫ በሚኒባስ፣ ባልዲውን ጭኑ ላይ አድርጎ ይመጣል። ንቦቹ እንዳይሞቱበት ባቄላው ላይ መድኃኒት አይረጭም፤ ትሉን ከሚስቱ ከፋጡማ ጋር በእጁ ይለቅማል። ጎረቤቶቹ ሁለት ጆንያ ሲያገኙ እሱ አንድ ያገኛል። የማሩ ዋጋ ውስጥ ይህ ሁሉ አለ፤ ግን ማን ይጠይቃል?

ከሁሉም የሚያስቸግሩኝ ወይዘሮ ሶስና ነበሩ። «እኔ ቤት ኦርጋኒክ ያልሆነ ነገር አይገባም» ማለት ይወዳሉ። አንድ ቀን ጋሽ ከማልን እዚያው ሱቄ አገኙት።

«ንብ እኮ ደሞዝ አይከፈላትም! በነፃ የሠራችውን ነው የምትሸጥልን» አሉት እየሳቁ።

እሱ አልሳቀም። «ንቧስ አይከፈላትም። ትሉን የምንለቅመው ግን እኛ ነን» አለ።

«እሱ የእናንተ ጉዳይ ነው። ቀንስና ልውሰድ።»

አልቀነሰም። ሄዱ።

ያን ቀን ባልዲው ሳይነካ ዋለ። ደክሞኝ ነበር፤ ሰበብ ግን አላደርገውም። «ጋሽ ከማል፣ ትንሽ ስኳር አፍልተህ ጨምርበት። ዋጋው ይወርዳል፣ ማንም አያውቅብህም» አልኩት።

«አንቺም?» አለና ባልዲውን አንሥቶ ወጣ። ወላሂ፣ ሰድቦኝ ቢሄድ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አልመጣም። ከሦስት ወር በኋላ ወይዘሮ ሶስና እየተጣደፉ ገቡ።

«ልጄ ወለደችልኝ! ለአራሷ ንፁህ ማር ስጪኝ። ዋጋ አትንገሪኝ፣ ያልሽውን እከፍላለሁ።»

«የለም።»

«እንዴት የለም? ሁልጊዜ እዚህ ነበር እኮ!»

«ነበር። ሁልጊዜ ጥለውት ይሄዱ ነበር።»

አንገታቸውን ደፉ። እኔም የራሴን ጥፋት ነገርኳቸው። በማግስቱ አብረን አንጋጫ ሄድን።

ጋሽ ከማልን ባቄላው ዳር አገኘነው። ማሳው መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። ከቀፎዎቹ ሥር ንቦቹ ረግፈው መሬቱን ሸፍነውታል።

«ረጨሁ» አለ፣ ሳንጠይቀው። «ሰው ርካሹን ከፈለገ እኔስ ልጆቼን በምን ላሳድግ? ሰባት ቀፎ ነበረኝ። ወንዙ ማዶ የሰቀልኳት አንዷ ብቻ ተረፈች።»

ወይዘሮ ሶስና ጎንበስ ብለው አንዲት የሞተች ንብ አነሡ። ከዚያ «የተረፈችውን ቀፎ ማር ስንት ልክፈልዎት?» አሉ።

«አይሸጥም። እሱን ከቆረጥኩባት እሷም በረሃብ ታልቃለች።»

ቦርሳቸው ውስጥ ገንዘብ ነበር፤ ምንም አልሠራም። አራሷ ያን ሳምንት የበላችው ከጎረቤቴ ሱቅ የተገዛውን ነው። ከመሄዳችን በፊት ግን ወይዘሮ ሶስና «ጥፋቱ የእኔ ነው። ከእንግዲህ አይርጩ፤ የሚመጣውን እርስዎ ባሉት ዋጋ እገዛለሁ» አሉት። እኔም ይቅርታ ጠየቅኩት። «እስቲ እናያለን» ብቻ አለ።

ዘንድሮ ጋሽ ከማል የባልዲውን ሩብ እንኳ የማይሞላ ማር ይዞ መጣ። ወይዘሮ ሶስና ጣታቸውን ሳይነክሩ፣ ክብሪት ሳይጭሩ የመጀመሪያውን ኪሎ ወሰዱ። ሌላው ገበያተኛ አሁንም «አበዛሽው» ብሎ ወደ ጎረቤቴ ይሻገራል።

እናንተም ንፁህ ነገር እንወዳለን የምትሉ፣ ውድ የሆነው፣ ሰው ስለሚደክምበት ነው። ድካሙን ካልከፈላችሁለት ይተወዋል፤ ያኔ በስንትም ብትሉ አታገኙትም። እኔም ደክሞኛል። ግን ቀንሺ ስትሉኝ ከእንግዲህ የምነግራችሁ ወንዙ ማዶ ስለቀረችው ቀፎ ነው።