ሲረገጥ የሚጮህ ጠጠር

አቶ ወልደአማኑኤል ከገዛ በሩ ሥር፣ ለሙከራ ባስነጠፈው የወንዝ ጠጠር ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። የጎበሳ ከተማ ነጋዴ ነበር። አሮጌ ኦፔል መኪናውን ክረምት በመጣ ቁጥር ከበሩ እስከ ቤቱ ጭቃ ስለሚውጣት፣ ጠጠር ሲያማርጥ ከርሟል።

ከአሰላ የተላከው መርማሪ፣ ሃምሳ አለቃ መርሻ፣ ሲደርስ «ገዳዩ» ተይዞ ጠበቀው። ከሟች ጋር አጥር የሚጋራው ጎረቤት፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ገብረ መድህን፣ ሽማግሌውን ጅብሪልን በገመድ አሳስሮታል። ከሰዓት በኋላ ወደ ወህኒ ይጫናል፤ በዚያ በደርግ ዘመን ደግሞ የተጫነ ሁሉ አይመለስም። መርሻ ምንም አልተሰማውም። ካየው ሬሳ ብዛት ልቡ ብዙ እንደተቀመጡበት እግር ደንዝዞ ነበር።

«ማስረጃው ምንድን ነው?»

«ሟች ሲወጣ ‹ጠጠር ጣዩ ጋ ደርሼ ልምጣ› ብሏል፣ ጓድ። በዚህ ከተማ ጠጠር እየጣለ የሚጠነቁል ጅብሪል ብቻ ነው። ፀረ ሕዝብ!»

«ወላሂ እኔ ጋ አልመጣም» አለ ጅብሪል።

መርሻ ሬሳውን ገለበጠ። ከሥሩ ያለው ጠጠር እንደ እንቁላል ድብልብል ነው። የሟች ጉንጭ ግን በሹል ነገር ተበሳስቷል፤ ግንባሩ ውስጥም ጠርዘ ስል ግራጫ የድንጋይ ስባሪ ተሰክቷል። ጠጠር አቅራቢውን ቶላን አስጠራ።

«እንዲህ ያለ ትሸጣለህ?»

«እኔ የወንዙንና ቀዩን ነው የምሸጥ፣ ጌታው። ይሄ በማሽን የተፈጨ ነው፤ የመንግሥት መንገድ ላይ እንጂ ገበያ ላይ የለም።»

የሟች ሚስት የሺሃረግ አላለቀሰችም፤ እንባዋ ገና አልደረሰም።

«እትዬ የሺሃረግ፣ ‹ጠጠር ጣዩ› ሲል ፊቱ እንዴት ነበር?»

«ይስቅ ነበር።»

«ጅብሪልን ይንቀዋል?»

«ኧረ ይፈራዋል! መንገድ ላይ ሲያየው ይሻገራል።»

«ከዚያስ?»

«አመሻሽ ላይ ጠጠሩ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ከባድ እርምጃ ነበር፤ መጣ ብዬ ራት ላቀርብ ተነሣሁ። ወዲያው ቀለል ያለ እርምጃ ወጣ። የረሳው ነገር አለ ብዬ ተውኩት።»

መርሻ ስብሰባ ይጠራልኝ አለ። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ሲባል ነፍሱ ናት።

«አዳራሹ ያፈሳል» አለ ኮራ ብሎ። «እኔ ግቢ ይሁን። የእኔ ጭቃ አያውቅም!»

ሕዝቡ ሊቀመንበሩ ግቢ ተሰበሰበ። መርሻ ጎንበስ ብሎ ከእግሩ ሥር አንድ ጠጠር አነሣና ከግንባር ካወጣው ስባሪ ጎን በመዳፉ ያዘው። ያው ግራጫ፣ ያው ሹል።

«ሟች የወደቀው ሹል ላይ ነው፤ የተገኘው ድብልብል ላይ። ስለዚህ ተሸክመውታል። ከባድ እርምጃ የገባው ሁለት ሰው በአንድ ሰው እግር ሲሄድ ነው። ቀላሉ የወጣው አንዱ ሲቀር ነው። ሟች የሚፈራውን ሰው እየሳቀ አይጠራም። የሳቀው በሌላ ጠጠር ጣይ ነው፤ በጎበሳ ከሟች ሌላ ግቢው ላይ ጠጠር የጣለ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። የቆማችሁት እዚያው ላይ ነው።»

ሁሉም እግሩን አየ። ማንም ሊነቃነቅ አልደፈረም፤ ጠጠሩ ይጮሃል።

«ምን ይላሉ፣ ጓድ?» አለ መርሻ ድምፁን ሳያነሣ።

«ከየት እንደገዛሁት ጠየቀኝ» አለ ገብረ መድህን። «ከመንግሥት መንገድ ሥራ የተሰረቀ ጠጠር መሆኑ ቢሰማ ይረሽኑኛል። ገፈተርኩት… ተነሥቶ ይናገራል ብዬ ደገምኩት።»

«እሱ አስፈራራህ?»

«የለም። እሱስ ለራሱ ሊገዛ ነበር።»

ጠባቂዎቹ ጅብሪልን ፈትተው በዚያው ገመድ ሊቀመንበሩን አሰሩት። ሌላ ገመድ አልነበራቸውም።

ቶላ የሺሃረግን ጠየቃት፤ «እትዬ፣ ለቀስተኛው በጭቃ እንዳይቸገር የቱን ጠጠር ላፍስ?»

«የወንዙን። እሱም የመረጠው እሱን ነበር።»

«ያ እኮ ይጮሃል።»

«ለዚያ ነው የመረጠው» አለች። «ሊወስዱን ሲመጡ እንድንሰማ።»

መርሻ ወደ መኪናው ሲሄድ ጠጠሩ ከእግሩ ሥር ጮኸ። ከየቤቱ ይሰማ የነበረው ወሬ ቀጥ አለ።