በትዕዛዝ የተቀዳው ክፍል

ትርንጎ ዲስኮቿን የምትወለውለው ሐሙስ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ነው። የሳሎኑን ግድግዳ ግማሽ ከያዘው መደርደሪያ አንድ በአንድ እያወረደች፣ ዲስኩን በሁለት ጣቶቿ ጠርዙን ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን ታዘነብለዋለች፤ ከዚያ በመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር፣ ከመሃል ወደ ዳር ትጠርገዋለች። ዙሪያውን እያሹ መጥረግ ዲስክ ይጭራል። ሰው ይህን አያውቅም፤ ሰው ብዙ ነገር አያውቅም። ልጇ ቤዛዊት «እማዬ፣ እኔን እንኳ በሕፃንነቴ እንዲህ አላጠብሽኝም» እያለች ትስቅባታለች።

መደርደሪያው ላይ ያሉት ሁሉ የድሮ የቴሌቪዥን ድራማዎች ናቸው፤ ሁሉም ደግሞ ፋብሪካ የታተሙ። በዚህ ጉዳይ ትርንጎ ቀልድ አታውቅም። ፋብሪካ የታተመ ዲስክ ሆዱ እንደ መስታወት ብርማ ነው፤ ሺህ ቅጂ ቢኖረው ሺሁም አንድ ነው፤ ዛሬ ያሳየውን የዛሬ ዓመትም ያሳያል። ሱቅ ውስጥ ሰው ሲያዝ የሚቀዳው ግን ሆዱ ወደ ሐምራዊ ያደላል፤ ፊትን ሲያዩበት ጉድጓድ ውኃ ውስጥ እንደሚያዩት ከታች ነው የሚመጣው። አንዱ ይዘላል፣ የሌላው ድምፅ ከምስሉ ይቀድማል፣ ሌላው በዓመቱ ባዶውን ይቀራል። «የታተመ ቃሉን አይለውጥም» ትላለች፣ ለሚሰማትም ለማይሰማትም። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በአንድ መድን ድርጅት ታይፒስት ነበረች፤ የማይለወጥ ነገር ደስ ይላታል።

ዕረፍት የሚነሳት አንድ ድራማ ብቻ ነበር። «ማጀትና ሳሎን» ይባላል፤ ቴሌቪዥን ገና ጥቁርና ነጭ በነበረበት ዘመን እሁድ እሁድ የሚተላለፍ፣ አባት፣ እናት፣ ሁለት ሴቶች ልጆችና አንድ አጎት በረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው የሚጨዋወቱበት። ሟቹ ባሏ ሸዋንግዛው በአንዱ ክፍል ላይ ታይቷል። ተዋናይ ሆኖ አይደለም፤ ጣቢያው ውስጥ የሚሠራ ጓደኛው እንግዳ የሚሆን ሰው ጎድሎበት ጎትቶ አስገባው እንጂ። በሩን ከፍቶ ይገባል፤ አምስቱም ከወንበራቸው ተነስተው «ኖር!» ይሉታል፤ እሱም «በእግዜር! ኧረ አትነሱ!» ብሎ ይቀመጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሲተላለፍ አንዴ አይተውታል፤ ሰፈርተኛውም ሸዋንግዛው ባለፈ ባገደመ ቁጥር ከመቀመጫው እየተነሳ ሲያሾፍበት ከርሟል።

ከሞተ ወዲህ መልኩ ግድግዳ ላይ አለ፤ ድምፁ ግን የትም የለም። የሠርጋቸው ቪዲዮ ላይ እንኳ ከዳር እስከ ዳር ዘፈን ተለጥፎበታል። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ሽንኩርት እያቁላላች ድምፁን ልታስታውስ ሞከረች፤ ቃላቱ መጡላት፣ ድምፁ ግን የእሱ አልነበረም፣ የወንድሟ ነበር። ምድጃውን አጥፍታ፣ እዚያው ማጀት ወለል ላይ ተቀምጣ፣ የቀብሩ ዕለት ካለቀሰችው አብልጣ አለቀሰች። ፋብሪካ የታተመው «ማጀትና ሳሎን» አላት፤ ያ ትዕይንት ግን ተቆርጦ ወጥቷል። ቤተሰቡ ተቀምጦ ያወራል፣ እናትየው እጆቿን ከጉልበቷ ላይ ታነሳለች፣ ብልጭ ይልና ጠዋት ይሆናል። አሳታሚዎቹ ለማሳጠር ብለው ነው የቆረጡት ብላ ታምን ነበር።

ስለዚህ ወንዳፍራሽ ደውሎ «እትዬ ትርንጎ፣ ሙሉው ክፍል ያለበት የድሮ ካሴት እጄ ገባ» ሲላት፣ የተቀዳ ዲስክ ቤቴ አይገባም ያለችው ሁሉ ጠፋባት። ወንዳፍራሽ ፒያሳ ከአንድ አሮጌ ሕንጻ ምድር ቤት የድሮ ካሴት እያጫወተ ዲስክ ላይ የሚቀዳ ሰው ነው። ሱቁ የጋለ ፕላስቲክና የእርጥብ ግድግዳ ሽታ አለው፤ የካሴት ማጫወቻው ሲሽከረከር የሚያሰማው ቀጭን ሲርሲርታ ከወጡ በኋላም ጆሮ ውስጥ ይቆያል።

«ሰው እስኪያዝህ ከምትጠብቅ ለምን አንድ ሁለት ቀድተህ አታስቀምጥም?» አለችው፣ እንደ ልማዷ ልትነጅሰው።

«ካሴቱ አልቋል፣ እትዬ። ባጫወትኩት ቁጥር ይላላጣል። ሰው ሲያዝ ብቻ ነው የምቀዳው» አላት። ከዚያ እስክሪብቶውን ከፍቶ ዲስኩ ላይ ስሟን ጻፈበት።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። የትርንጎ ቤት ከኮንዶሚኒየሙ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ስለሆነ፣ ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮው ላይ እንደ ገብስ ቆሎ ይንጣጣል። ዲስኩን ከተተችና የመክፈቻው ሙዚቃ እስኪያልቅ ሻይ ልትቀዳ ወደ ማጀት ሄደች። ልቧ እንደ ልጃገረድ ይመታል፤ አፈረች። ብርጭቆዋን ይዛ ወደ ሳሎን ስትመለስ አምስቱም ተነሱና «ኖር!» አሉ።

«በእግዜር! ኧረ አትነሱ!» አለች ትርንጎ።

ኖር ተብሎ ዝም የሚል ሰው ያልተቀጣ ነው፤ አፏ ከእሷ ቀድሞ መለሰ። አምስቱም ተቀመጡ። ሻይዋን እስክታፈስ ሳቀች፣ «አይ ትርንጎ፣ አረጀሽ» አለች፣ ከዚያም ሳቋን ዋጠችው። ሸዋንግዛው አልገባም ነበር። ሪሞቱን አንስታ ወደ ኋላ መለሰችው። ቤተሰቡ ያወራል፣ ይነሳል፣ «ኖር!» ይላል፤ ከጀርባቸው ያለው በር ግን እንደተዘጋ ነው፤ የሚያዩትም ወደ በሩ ሳይሆን ወደ እሷ ነው። ይህን ጊዜ አልተቀመጡም። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እነሱ እጃቸውን ግራና ቀኝ አንጠልጥለው ቆመው ቆዩ፤ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው። ትዕይንቱ እስኪቆረጥ ቆመው ነበር።

በማግሥቱ ወንዳፍራሽ ዘንድ ሄዳ ተቆጣች። እሱ ሲቀዳ ምስሉን እንደማያይ፣ መቁጠሪያውን ብቻ እንደሚጠብቅ ማለላትና ሌላ ቀዳላት። ሁለተኛው ላይ ሸዋንግዛው አሁንም የለም። ነገር ግን ቤተሰቡ በወንበሩ ላይ ተጠጋግቶ ነበር፤ ጫፉ ላይ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ተለቋል፤ ከቦታው ፊት ያለው ጠረጴዛ ላይ ማንም ያልነካው የሻይ ብርጭቆ ተቀምጧል። ትንሿ ልጅ በጨዋታው መሃል በዓይኗ ጥግ ወደ ግራ ትመለከታለች። ትርንጎ የልጅቷን ዓይን ተከትላ ዞር ስትል፣ የምታየው የራሷን የማጀት በር ነው። ቴሌቪዥኑን አጥፍታ መጋረጃውን ሰበሰበች፣ መልሳ ዘረጋችው፣ የታጠበ ሰሃን አጠበች፤ ጠረጴዛ ስትወለውል ከሳሎን በኩል ብዙ ሰው የተቀመጠበት እንጨት ሲንቋቋ ሰማች። ከሶፋና ከፕላስቲክ ወንበር በቀር በቤቷ ውስጥ የእንጨት መቀመጫ የለም።

ቤዛዊት ከሥራ ስትገባ ጃንጥላዋን ሳታጥፍ በሩ ላይ ቆመች።

«እንግዳ ነበረሽ እንዴ፣ እማዬ?»

«የምን እንግዳ?»

«ደረጃው ላይ ሆኜ ሰዎች ሲያወሩ እየሰማሁ ነው የመጣሁት።»

«ቴሌቪዥኑ ይሆናላ።»

ቤዛዊት ጥቁሩን ስክሪን አየች፣ እናቷን አየች። «ጠፍቷል እኮ» አለች። ከዚያ አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ይዛ፣ ይህን ነገር እንድትተወው ለመነቻት፤ አባቷን እሷም እንደምትናፍቅ፣ ግን እናቷ ዓይኗ እያየ እየከሳች እንደሆነ ነገረቻት። ትርንጎ «እሺ» አለች። እሺ ይበልጣል ከሺህ ይባላል፤ የእሷ ግን የአፍ ነበር። ድምፁን አንዴ ሰምታ ትተወዋለች፣ አንዴ ብቻ።

ለልቧ ማረፊያ ብላ የታተመውን አወጣች። ብርማው ሆዱ ፊቷን ጥርት አድርጎ አሳያት፤ ተጽናናች። አጫወተችው፤ እንደ ወትሮው ነበር፤ አምስት ሰዎች፣ ወንበሩ ሙሉ፣ ያው ጨዋታ። እናትየው እጆቿን ከጉልበቷ ላይ አነሳች፣ ብልጭ አለ፣ ጠዋት ሆነ። ትርንጎ ወደ ኋላ መለሰችው። ስንት ዓመት ያየችውን ያን የእጅ እንቅስቃሴ አሁን ገና ልብ አለችው፤ ሴትዮዋ ልትነሳ ነው። ዓይኗም ወደ በሩ አልነበረም፣ ወደ ውጪ፣ ወደሚያያት ሰው ነበር። አሳታሚዎቹ ከየትኛውም ቦታ ሊቆርጡ ሲችሉ፣ ቃሉ ከአፋቸው ሳይወጣ፣ ልክ እዚያ ላይ ቆርጠውታል። ዲስኩን አውጥታ ሽፋኑ ውስጥ መለሰችው፤ ያኔ ብትተወው ምናለበት።

ያዘዘችውን ሦስተኛ ቅጂ ልትወስድ ስትሄድ ወንዳፍራሽ ሱቁን በግማሽ ዘግቶ አገኘችው። ዲስኩ ተቀድቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ እጁን ግን ከላዩ አላነሳም።

«እትዬ ትርንጎ፣ ይቅርብዎት።»

«ምን ሆነሃል አንተ?»

«ካሴቱ ባዶ ነው። ትናንት ስከፍተው ነጭ ብናኝ ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ድምፅም የለው። እያየሁት ባዶውን ተቀዳ። ሲያልቅ ግን ዲስኩን ከፍቼ አየሁት። እየቀዳሁ አላይም ብዬዎት አልነበር? አየሁት። እነዚያ ሰዎች አንድ ሰው ጨምረዋል።»

«ምን ዓይነት ሰው?»

«ጀርባውን ነው ያየሁት። ረጅም፣ ማጅራቱ ላይ ጠባሳ ያለው።»

ትርንጎ ዲስኩን ከእጁ ሥር መንጭቃ ወጣች። ያን ጠባሳ ለሸዋንግዛው ምላጭ ይዛ ጸጉሩን ስታስተካክል በራሷ እጅ ነበር ያተረፈችለት። ታክሲ ውስጥ ቦርሳዋን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ እየፈራች፣ ከፍርሃቷም በላይ ደስ እያላት፣ «አንዴ ብቻ፣ አንዴ ብቻ» እያለች ቤቷ ደረሰች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ፤ የወደዱት ሲመጣ ምን እንደሚሆን ግን የነገራት አልነበረም።

ደመናው ወርዶ ሳሎኑን አመሻሽ አስመስሎታል። መብራት አላበራችም። ዲስኩ ማጫወቻው ውስጥ ሲሽከረከር የዚያን ሱቅ ሽታ፣ የጋለ ፕላስቲኩንና የእርጥብ ግድግዳውን፣ ቤቷ ውስጥ አሸተተችው። ስድስት ነበሩ። አምስቱ ፊታቸውን ወደ እሷ አድርገው፣ ስድስተኛው ጀርባውን ሰጥቶ፣ ከጎኑ ያ የተለቀቀ ቦታ። ማንም አያወራም። ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ይሰማል፤ ከስክሪኑ ይሁን ከጣሪያዋ አልለየችውም። ከዚያ እናትየው እጆቿን ከጉልበቷ ላይ አነሳች፣ አባትየው ተነሳ፣ ልጆቹ ተነሱ፣ አጎትየው ተነሳ፣ በመጨረሻ እሱ ተነሳና ዞረ።

«ኖር!» አለ ሸዋንግዛው።

የእሱ ድምፅ ነበር። የወንድሟ አይደለም፣ የማንም አይደለም፤ ቃሉ መጨረሻ ላይ ሻከር የሚለው፣ ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሳ «ትርንጎ» ይልበት የነበረው ድምፅ ነው። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ሲንጠባጠብ አልጠረገችውም። ስንት ዘመን ስትናፍቀው የኖረችውን ሰው ዝም ብላ ልታቆመው አልቻለችም።

«በእግዜር» አለች። «በእግዜር የኔ ጌታ፣ አትነሳ።»

እሱ አልሳቀም። ክፍት ወደሆነው ቦታ በእጁ አመለከታት፣ እሷም ሳታስበው አረፍ አለች። የተቀመጠችበት ነገር ግን ሶፋው አልነበረም፤ ጠንካራ፣ ቀዝቃዛ እንጨት ነበር፤ ስትቀመጥበትም ከዳር እስከ ዳር ተንቋቋ። አረንጓዴ ሹራቧን አየች፤ ግራጫ ሆኗል። እጆቿን አገላብጣ አየቻቸው፤ እነሱም እንደዚያው። ከፊቷ ያለው ሻይ አይተንም። ሸዋንግዛው ከጎኗ ነው፤ የሰውነት ሽታ የለውም፣ ሙቀትም የለውም፤ ቀና ብላ ስታየው ልመና የሞላባቸው ዓይኖቹ አንድ ነገር ሊነግሯት ይሞክራሉ፣ አፉ ግን ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ያኔ ገባት፤ ሊጠራት ፈልጎ አልነበረም።

ቁልፍ በር ውስጥ ዞረ።

«እማዬ?»

ትርንጎ ልጇን ከፊት ለፊት አየቻት። ቤዛዊት ጃንጥላዋን አራግፋ ወደ ሳሎን ገባች፤ ባዶውን ሶፋ፣ ወለሉ ላይ የወደቀውን ሪሞት፣ ተከፍቶ የቀረውን ቦርሳ አየች፤ ፊቷ በጭንቀት ተኮማተረ። ጸጉሯ ርሷል፣ ቀይ ሻርፏ ቀይ ነው፤ በዚያ ሁሉ ግራጫ ማዶ እንዲህ የሚያምር ቀለም ትርንጎ አይታ አታውቅም። «ውጪ፣ የኔ ልጅ፣ ሂጂልኝ!» ልትል አፏን ከፈተች፤ ትንፋሽ እንኳ አልወጣትም። በጎኗ በኩል እናትየው እጆቿን ከጉልበቷ ላይ አነሳች። አባትየው ተነሳ። ልጆቹ ተነሱ፣ አጎትየው ተነሳ፣ ሸዋንግዛው ተነሳ፣ የትርንጎም ጉልበት ሳታዘው ወደ ላይ አቀናት፤ ሰባቱም በአንድ አፍ «ኖር!» አሉ።

ቤዛዊት ከሰባቱ ድምፅ መሃል የእናቷን ለይታ ሰማች፤ ፊቷ ላይ የነበረው ጭንቀት ሁሉ በአንዴ ረገፈ፤ እናቷም እንዳሳደገቻት አንገቷን በአክብሮት ሰበር አድርጋ፣ በፈገግታ፣ «በእግዜር፣ ኧረ አትነሱ» አለች።