ወፌ አልቆመችም

ፈጠራ የመሰለው ሰው ንባቡን እዚህ ላይ ያቁም። እኔ ለማሳመን አቅም የለኝም።

ሐሙስ... ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል።

የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ከማስተምራቸው አንዷ የገዛ ልጄ ናት።

ጋላክሲዎች ለምን እንደሚሽከረከሩ ለሦስተኛ ጊዜ እያስረዳሁ ነው። የተሠሩበት የጋዝ ደመና ድሮውንም ትንሽ ትንሽ ይዞር ነበር። እየተሰበሰበ ሲመጣ ፈጠነ። ባዶው ውስጥ የሚይዘው ስለሌለ እስካሁን ይዞራል። በቃ! ይሄ ምኑ ይከብዳል?

ከኋላ አንዱ ለፍላፊ እጁን አወጣ።

"ቲቸር፣ ታዲያ ማን ያቆመዋል?"

"ማንም አያቆመውም አልኩህ እኮ።"

በገንኩ። ከቢሮ የተጣለውን ተሽከርካሪ ወንበር ጎትቼ አመጣሁ። ዝገት የበላው ነው፤ ሁለት ዙር ሳይሞላ ሲጢጥ ብሎ ይቆማል። ስንቴ ዘይት ጠጥቶ መላ የለውም።

ልጄን አስቀመጥኳት፣ ቀለል የምትለው እሷ ስለሆነች። በየእጇ መጽሐፍ አስይዤ፣ እጇን አስዘርግቼ ገፋ አደረግኳት።

"ሰብስቢ" አልኳት።

እጆቿን ወደ ደረቷ ሰበሰበች። ፈጠነች። ክፍሉ ሳቀ።

ሦስት ዙር... ሰባት... አሥራ አንድ...

ሲጢጥታው የለም።

ሳቁም ጠፋ።

እጇን እንድትዘረጋ ነገርኳት። ቀስ አለች እንጂ አልቆመችም። የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩት። ያኔ ወንበሩ ቆመ።

ተማሪዎቹን ላስቅ ብዬ፣ በሕፃንነቷ መጀመሪያ የቆመች ቀን እንዳልኳት "ወፌ ቆመች" እያልኩ አወረድኳት።

ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

"አባዬ... አልቆመችም።"

ተቆጣኋት። በሰው ፊት አታሹፊብኝ አልኳት። ያ ቁጣዬ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ምሳ ሰዓት ላይ ፊቷ ያስቀመጥኩት ብርጭቆ ውስጥ ውሃው ይዞራል። ማንም አልነካውም። ሹሩባዋም ትከሻዋ ላይ አላረፈም... ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ ተንጠልጥሏል።

አዙሯት እንደሆነ ብለን የወሰድናት ሐኪም ጆሮዋን አይቶ ደህና ናት አለ። እናቷ ምን አድርገሃት ነው ትለኛለች። ምን ልበላት? በማን ላይ ልጩህ? ማንም አያቆመውም ብዬ መልሱን በገዛ አፌ ተናግሬዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ እጆቿን ዘርግታ ነው የምትውለው። ዛሬ ከሰዓት አለቀሰች። ላቅፋት ተነሳሁ።

"እንዳታቅፈኝ" አለች በሹክሹክታ። "እጄ ከተሰበሰበ..."

አልጨረሰችውም። እዚያው ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጣላት።

እጆቿ ቀስ በቀስ... ወደ ደረቷ መሰብሰብ ጀመሩ።

ሮጠን ያዝናቸው። አንዱን እናቷ፣ አንዱን እኔ። ይህንን የምጽፍላችሁ በቀረኝ አንድ እጅ ነው።

ወለሉ ላይ ወድቆ የነበረው እርሳሷ ግን ሦስታችንንም እየዞረን ነው።