የልጅ ወረቀት ደላላው

ደላላው ምዋኪዮ ሞምባሳ ውስጥ ባለችው ጠባብ ቢሮው ወለል ላይ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የሰበረው ከባድ የብረት ማኅተም አጠገቡ ወድቋል። ውጭ አገር ለተወለዱ ሕፃናት የዜግነት ወረቀት አስጨርሳለሁ እያለ የድሃ እናቶችን ደም ሲመጥ የኖረ ሰው ነበር። መርማሪዋ ዳማ ጎንበስ ስትል ከሽቶው ጋር የተደባለቀው የደም ሽታ አፍንጫዋን እንድትይዝ አደረጋት።

«አፋንዴ፣ ብዙ አይድከሙ» አላት የሟቹ ረዳት ቻሮ፣ እንደ አገሩ ልማድ የፖሊስ ሹሟን በማዕረግ ጠርቶ። «ሲዲ ናት። ያቺ ዐረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ወልዳ የመጣችው። ትናንት ‹የልጄን ወረቀት ካልሰጠኸኝ እገድልሃለሁ› ስትለው ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።»

«ከደሙ ሥር የፈሰሰው አረንጓዴ ነገርስ?»

«የሕፃናቱን የእግር አሻራ የምናነሳበት ቀለም ነው። ሰማያዊው ስላለቀ ዛሬ ጠዋት አረንጓዴ ገዝቼለት ወደ ወደብ ሄድኩ። ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

ሲዲ ከምትሠራበት ሆቴል ተጠርታ እጇ በሳሙና እንደራሰ መጣች። «ብገድለው ደስ ባለኝ! ግን ከንጋት ጀምሮ አንሶላ ሳጥብ ነበር፤ አለቃዬን ይጠይቁ።»

የወንድሟ ሚስት ካቼ ሕፃኑን አዝላ ተከትላታለች። እሷ ልጅ አልወለደችም፤ ሲዲ ሥራ ስትውል ሕፃኑን የምትይዘው እሷ ናት።

«እኔማ እስካሁን ከቤት ንቅንቅ አላልኩም» አለች ካቼ። «ሳባብለው ነው የዋልኩት።»

«እስቲ ይሄን ጎረምሳ ልየው» አለችና ዳማ የሕፃኑን ካልሲ አውልቃ እግሩን አየች። ከዚያ ለሲዲ አለቃ ደውላ ቃሏን አረጋገጠችና ሁሉንም ደጃፉ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«አረንጓዴው ቀለም እዚህ ቤት የገባው ዛሬ ጠዋት ነው። የዚህ ልጅ ውስጥ እግር ደግሞ አረንጓዴ ነው። በእግሩ አልመጣም፤ እናቱም ሥራ ላይ ነበረች። ደሙ የፈሰሰው ገና ባልደረቀው ቀለም ላይ ስለሆነ፣ ሰውዬው የተመታው አሻራውን እንዳነሳ ነው። ካቼ፣ ለምን ዋሸሽ?»

ካቼ ያዘለችውን ሕፃን ጠበቅ አደረገች። «የእኔ ልጅ ነው ብዬ ላስመዘግበው ነበር… ደላላው ግን አሻራውን ካነሳ በኋላ ‹ሌላ ገዢ አግኝቼለታለሁ› አለኝ። ሊደውልለት ዞር ሲል መታሁት።»

ሲዲ አፍጥጣ አየቻት። «የሰው ሽንት ቤት እያጠብኩ የወለድኩትን? በስምሽ?» መሬት ላይ እንትፍ አለች።

«አንዱ ሊሸጠው፣ አንዷ ልትሰርቀው» አለች ዳማ ፊቷን አጨፍግጋ። «እናትየው ደግሞ ሁለታችሁንም አምና! ኧረ ያቅለሸልሻል። ውሰዷት።»

ሲዲ ልጇን ከካቼ ጀርባ ላይ ነጠቀች። ፖሊሶቹ ካቼን ይዘው ሲሄዱ ሕፃኑ ሁለት እጆቹን ወደ እሷ ዘርግቶ ያለቅስ ጀመር። ሲዲ ፊቱን አንገቷ ሥር ቀበረችው።

«እኔ ነኝ እናትህ» አለችው። እሱ ግን ልቅሶውን አላቆመም።