በመስታወቱ ላይ የቀሩት መዳፎች

አቶ ቢሆነኝ በልጃቸው አዲስ ቤት፣ አልጋቸው ላይ ተንበርክከው፣ ግንባራቸውን የመስኮቱ ደፍ ላይ እንዳስደገፉ ሞተው ተገኙ። ከአልጋው አጠገብ የነበረው የከሰል ማንደጃ አመድ ብቻ ቀርቶታል። ኢንስፔክተር ብርቱካን ደብረ ታቦር ላይ በከሰል የታፈነ ሰው ስታይ የመጀመሪያዋ አይደለም። ብርድ በጸናበት አገር ሞት ብዙ ጊዜ ከሙቀት ጋር ነው የሚገባው።

ልጃቸው ሙሉ የብርቱካንን እጅ ያዘች። «መስኮቱን ክንድ ያህል ከፍቼላቸው ነው የወጣሁ» አለች።

የሚያምናት አልነበረም። ባሏ ጥላዬ እንኳ አንገቱን ደፍቷል። ፍሙን ያስገባችው እሷ ናት። መስኮቱንም ዘግታው ከሆነ በቸልተኝነት አባቷን ገድላለች፤ መታሰሯ አይቀርም። እሷን ያስፈራት ግን እስሩ ሳይሆን ይህን ይዞ መኖሩ ነበር።

ሽማግሌው ከጉና ግርጌ የመጡት ትናንትና ነበር። የወንድማቸው ልጅ አስማማው ከጎረቤቱ ጋር በመሬት ወሰን ይካሰሳል፤ እሳቸው ሰኞ ፍርድ ቤት ቀርበው ሊመሰክሩ ነው። አስማማውም አብሯቸው መጥቶ ግቢው ውስጥ ካለችው ሰርቪስ ቤት አድሯል።

«ብርዱ ሲበረታባቸው ራሳቸው ተነስተው ዘግተውታል» አለ። «እሷም አልዋሸች፣ እሳቸውም አላወቁ።» አስታራቂ ሽማግሌ ይመስል ነበር።

ብርቱካን መስኮቱን መረመረች። ወደ ጎን እየተንሸራተተ የሚከፈት አሉሚኒየም ነው፤ ሲዘጋ ቁልፉ ራሱ ይይዛል። በመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ የነበረው የሲሚንቶ ብናኝ በእጅ ላብ ርሶ ሲደርቅ የሁለት መዳፍ ምልክት ይዞ ቀርቷል፤ ጎን ለጎን ሆነው ወደ ውጭ የገፉ መዳፎች። ግራው ትንሿ ጣት የለችውም። የሟቹን እጅ ገለጠች። ትንሿን ጣታቸውን ድሮ ማጭድ ወስዷታል። ምልክቱን ፎቶ አነሳች።

«አባትሽ ይህን ዓይነት መስኮት ከፍተው ያውቃሉ?»

«የት አግኝተው። የእሳቸው ቤት የእንጨት ነው፣ ወደ ውጭ ገፋ የሚያደርጉት።»

መስኮቱን የሠራው ይርጋ፣ ባልና ሚስቱ ባለፈው ወር ሊመርጡ ሲመጡ የተጨቃጨቁት በቀለሙ ብቻ እንደነበር ነገራት፤ እሷ ነጭ፣ እሱ ቡናማ። ገብስ ሊሸጥ ከተማ ወጥቶ አብሯቸው የመጣ ዘመዳቸው ግን ለናሙና የተቀመጠውን ሁሉ ሲከፍትና ሲዘጋ ውሏል። «የመንሸራተቻውን ጎማ ጨርሶልኝ ነበር» አለ ይርጋ እየሳቀ።

በማግስቱ ከቀብር መልስ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ይርጋን ከበሩ ውጭ፣ በማይታይበት አቆመችው። ምክንያቱን ሳትናገር መስኮቱን በየተራ እንዲከፍቱላት ጠየቀች። ጥላዬ በአንድ እጁ ወደ ጎን ሳበው። ሙሉም እንደዚያው ከፈተችው። አስማማው ሁለት መዳፉን መስታወቱ ላይ አሳርፎ ወደ ውጭ ገፋ፤ ደግሞ ገፋ።

«እኛ ባላገሮቹ የከተማን ነገር ከየት እናውቀዋለን» አለ ፈገግ ብሎ።

ብርቱካን ወደ በሩ ዞራ ይርጋን አስገባችው። «ይርጋ፣ ያ ጎማህን የጨረሰው ዘመድ የትኛው ነው?»

ይርጋ በአገጩ አስማማውን አመለከተ።

«አቶ ቢሆነኝ ታፍነው ነቁ» አለች ብርቱካን። «መስኮቱን ገፉት፤ እየገፉትም ሞቱ። ራሳቸው ዘግተውት ቢሆን ኖሮ ወደ ጎን መሄዱን ባወቁ ነበር። እንግዲያው ሙሉ እንዳለችው ክፍት ነበረ። ሌላ ሰው ከውጭ ገፍቶ ዘጋው፣ ቁልፉም ያዘ።»

«ጥላዬም ሊዘጋው ይችል ነበር» አለ አስማማው።

«ይችል ነበር። ነገር ግን ሽማግሌው ራሳቸው ዘጉት ብሎ ከልቡ የሚያምን ሰው፣ መስኮት መክፈት አላውቅም ብሎ ለምን ይዋሻል? ሰኞስ ለማን ነበር የሚመሰክሩት? ላንተ ወይስ ለጎረቤትህ?»

አስማማው በመጨረሻ እንዲዋሹለት መንገዱን ሁሉ እንደለመናቸው፣ እሳቸው ግን መስቀል መትቼ ምዬ አልዋሽም እንዳሉት፣ ሌሊትም መስኮቱን እሱ እንደዘጋው ተናገረ። ሲወስዱት ማንንም ቀና ብሎ አላየም።

ጥላዬ ሚስቱን ሊያቅፍ ቀረበ፤ አልፋው ሄደች። መዳፏን አባቷ በገፉት ቦታ ላይ አሳርፋ ቆየች። ከዚያ መስታወቱን በቀስታ ወደ ጎን ሳበችው። የጉና ብርድ ገባ።

«አላሳየኋቸውም» አለች። «ደክሟቸዋል፣ ነገ አሳያቸዋለሁ ብዬ ነበር።»