ከሥር የተነሳች ጨረቃ

ዮአብ በፎቶ ቤቱ ደጃፍ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቷል። ከራሱ አጠገብ ደም የነካው ጥቁር ድንጋይ አለ። የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን የሚቃወሙ ወጣቶች ጠዋት የቡራዩን መንገድ በድንጋይና በጎማ ዘግተው ስለነበር፣ ማንም ሌላ ምክንያት አልፈለገም። በደጁ ሲሮጥ ያለፈው ተማሪ ባይሳ ተይዟል። ስድስት ሰዓት ላይ ከተያዙት ሌሎች ወጣቶች ጋር በመኪና ይወሰዳል፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደሚገባ የሚያውቅ የለም።

መርማሪዋ ድንቅቱ የደረሰችው አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ተንበርክካ ድንጋዩን ገለበጠችው። ከሥሩ ያለው ሣር ነጥቶ መሬት ላይ ተለጥፏል።

«ሳጅን፣ ይህ ሣር ፀሐይ ካየ ስንት ጊዜው ይመስልሃል?»

«ወር ሳይሆነው አይቀርም።»

«እንግዲያው ድንጋዩ ከቦታው አልተነሳም። ደም ተቀብቶ ነው።»

ቁስሉም ድንጋይ የፈነከተው አይመስልም፤ የብርጭቆ አፍ የተጫነበት ይመስል ግማሽ ክብ ነው።

የፎቶ ቤቱ ግድግዳ ሙሉ ፎቶ ነው። መጥረጊያ ከጫፉ፣ ማንቆርቆሪያ ከአፉ፣ ጫማ ከሶሉ በኩል የተነሱ። አንድ ቦታ ላይ ግን የቀሩት አራት የፕላስተር ቁራጮች ብቻ ናቸው።

«ሰው እንዲገምት ነው የሚሰቅላቸው» አለች እጮኛው ማርቲ። «መጥረጊያውን ‹ጫካ› ነው የሚለው።»

«የተነቀለውስ?»

«ትናንት ማታ የሰቀለው ነው። ኔትወርክ ሳይጠፋ ልኮልኛል። ‹ጨረቃ› ይለዋል። ገምቺ ሲለኝ አቃተኝ።»

ስልኳ ላይ ግራጫ ክብ ነገር ይታያል። መሐሉ ላይ ጥቁር ጉድጓድ፣ ከጉድጓዱ ጎን የወፍ እግር የመሰለ ጭረት አለ።

ድንቅቱ ጎረቤቶቹን አስጠራች። ሀሰኖ ከማዶ ሚስማር ይሸጣል፤ ተሾመ ከጎን እህል።

«ጋሽ ሀሰኖ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ወላሂ እኔንም ትናንት ‹ገምት› ብሎኝ ነበር። የሚስቴ ድስት ክዳን ነው ብዬ አሳቅሁት።»

«እርስዎስ፣ ኦቦ ተሾመ?»

«እኔ ወደዚህ ፎቶ ቤት ብቅ ካልኩ ወር አልፎኛል። ፎቶውንም ገና አሁን ማየቴ ነው።»

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር።

«ሁለቱም በኪሎ ነው የሚሸጡት» አለች ለሳጅኑ። «የሚዛን ብረቶቻቸውን አምጣልኝ። ልጁንም።»

ባይሳ በካቴና ገባ።

«ሂንሶዳቲን» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «አትፍራ።»

ብረቶቹን ጠረጴዛ ላይ አንድ በአንድ ገለበጠች። የሀሰኖ ብረቶች ክብደታቸው እንዲሞላ ከሥር የተደፈነባቸው እርሳስ አርጅቶ ጠቁሯል። የተሾመ የሁለት ኪሎ ብረት ግን መሐሉ በአዲስ እርሳስ ያብለጨልጫል። ከጎኑ የወፍ እግር የመሰለ ጭረት አለበት።

«የሚዛን ብረት ከላይ እንጂ ከሥር የሚያየው የለም» አለች። «ዮአብ ግን ገልብጦ ፎቶ አነሳው። ትናንት ይህ ጉድጓድ ባዶ ነበር፤ ስለዚህ ሁለት ኪሎ እያሉ የሸጡት ሁለት ኪሎ አልነበረም። ዛሬ ተሞልቷል። ሱቅ ሁሉ በተዘጋበት ጠዋት ብረት የሚሞላ፣ ፎቶውን ያየ ሰው ነው። ፎቶው የተሰቀለው ደግሞ እዚህ ነው፤ እርስዎ ወር አልገባሁም አሉኝ። ሌላው ድስት ክዳን ያለውን ለመንቀል የሚቸኩል፣ ምንነቱን ያወቀ ብቻ ነው። የቁስሉን ክብ ከዚህ ጠርዝ ጋር ላስተያየው?»

ተሾመ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«ትናንት ጤፍ ሊገዛ መጥቶ፣ ዞር ስል ነው ብረቱን ፎቶ ያነሳው። ሰሞኑን ሌባ የተባለ ነጋዴ ሱቅ እንዴት እንደሚነድ ታውቃላችሁ። ብረቱን ሞልቼ አመጣሁለት፤ ‹ይኸው ሞልቷል፣ ፎቶውን አውርደው› ብዬ ለመንኩት። እሱ ‹መጀመሪያ ይገምቱ› እያለ ይስቅብኛል። ሊያስፈራራኝ መሰለኝ፤ በያዝኩት ብረት መታሁት።»

«ሁሉንም ሰው ነው ገምቱ የሚለው» አለች ማርቲ። «ብረት ለምን እንደሚቦረቦር እንኳ አያውቅም ነበር። ጨረቃ ብቻ ነው የታየው።»

ድንቅቱ የባይሳን ካቴና ፈትታ ተሾመ እጅ ላይ አሰረችው። ውጭ የመኪናው ሞተር ተነሳ። ባይሳ በመስኮቱ ጓደኞቹ አንድ በአንድ ሲሳፈሩ አየ።

«እነሱስ?» አለ።

ድንቅቱ ከጠረጴዛው ላይ ብረቱን አነሳች። መኪናው ሲንቀሳቀስ በማስረጃ ከረጢት ከተተችው።